ልጆችን ይዞ ወደ ገበሬው ማሳ፦ የጎጃም እርሻ ጉብኝት ጥያቄዎችና መልሶች

ዘመድም ሆነ የሚያውቁት ገበሬ ዘንድ ቤተሰብ ይዞ ስለመሄድ፣ እንግዳ ስለሚቀበለው ገበሬና ጎብኚ ለመንደሩ ሊያደርገው ስለሚችለው ድጋፍ ከደረሱን ጥያቄዎች የተመረጡትን በዚህ እትም መልሰናል።

ጥያቄ፦ ሦስት ልጆች አሉን። ባሕር ዳር ተወልደው ስላደጉ ጤፍ ከየት ይመጣል ሲባሉ «ከወፍጮ ቤት» ነው የሚሉት። የባለቤቴ አጎት ቢቸና አካባቢ ገበሬ ናቸው። በየትኛው ወር ብንሄድ ልጆቹ ብዙ ያያሉ?
*የልጆች እናት፣ ባሕር ዳር*

መልስ፦ ከወሩ በፊት ቀኑን ያስቡበት። ከከተማ የሚሄድ ሰው እሑድን ይመርጣል፤ እሑድ ደግሞ በጎጃም ገጠር በሬ አይጠመድም። ቅዳሜንም የሚያከብር ብዙ ነው። በዚያ ላይ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ አለ፤ የትኛው ቀን ከሥራ እንደሚያስቀር እንደየደብሩ ይለያያል። ቀኑን ሳይጠይቁ የሄዱ ቤተሰቦች በደንብ ተስተናግደው ይመለሳሉ፤ እርሻ ግን አያዩም። ስለዚህ አጎትዎን «መቼ እንምጣ?» ከማለት ይልቅ «የምትወቁት መቼ ነው?» ብለው ይጠይቋቸው። መንገዱ ሰላም መሆኑንም በዚያው ስልክ፣ ከመነሳታችሁ በፊት በነበረው ቀን ደግሞ እንደገና ያጣሩ።

ወሩን በተመለከተ ለልጅ እንደ ውቂያ የሚሆን የለም። በቢቸና በኩል ጤፉ በሐምሌ ይዘራል፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ታጭዶ ይከመራል፤ ውቂያው እስከ ጥር ይዘልቃል። በጥር መጨረሻ አካባቢ ትምህርት ቤት በግማሽ ዓመት እረፍት ስለሚዘጋ አጋጣሚው ይገጥምላችኋል። ጧት በጣም ማልዳችሁ አትድረሱ። ጤዛ የያዘ ነዶ አይፈለፈልም፤ በሬዎቹ ቢዞሩበትም ፍሬው ከዘለላው ጋር ይቀራል። ጠል እስኪረግፍ ይጠበቃልና ከጧቱ 4 ሰዓት ገደማ መድረስ ይበቃል። የሚነፈሰው ግን ከሰዓት በኋላ፣ ንፋሱ ሲነሳ ነው። ምሳ በልታችሁ ከተመለሳችሁ ዋናው ነገር ያመልጣችኋል፤ ፍሬው በላይዳ ወደ ላይ ሲወረወርና ገለባው በንፋስ ሲለይ ልጆች ከሁሉም በላይ የሚወዱት እሱን ነው። ንፋስ ካልተነሳ ደግሞ ገበሬው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ያን ቀን መታገሱን ልጆቹ ያያሉ፤ ማየታቸውም መልካም ነው።

አውድማው ለምን በእበት እንደተለቀለቀ ልጆቹ ራሳቸው እንዲጠይቁ ያድርጉ። ጤፍ ከአፈር ጋር ከተቀላቀለ አይለይም፤ 1,000 ፍሬ ተሰብስቦ ግማሽ ግራም አይሞላም። አንድ ቁንጥር በነጭ ወረቀት ላይ አድርጋችሁ ቁጠሩ በሏቸው። መሬቱ 4 ወይም 5 ጊዜ የሚታረሰው ለምን እንደሆነ ያኔ ይገባቸዋል፤ ያን ያህል የደቀቀ ዘር በጓል መካከል ከወደቀ አይበቅልም።

ሌሎቹን ወራት ባጭሩ፦ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ኑጉ ቢጫ ሆኖ ያብባል፤ መልኩ ለዓይን ያምራል፤ ሥራው ግን ጥቂት ነው። ግንቦትና ሰኔ እርሻ ነው፤ ሞፈርና ቀንበሩን፣ ማረሻውን፣ እርፉን በሥራ ላይ ያሳያል። ሐምሌና ነሐሴን ይተዉት። የዋልካ አፈር መኪናም ሰውም ይይዛል።

ቢቸና ራቅ ካለባችሁ ከባሕር ዳር ወደ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መራዊ አለ። 7,000 ሄክታር እንዲያለማ የታቀደው የቆጋ መስኖ የሚያጠጣው እዚያ ነው። በበጋ ስንዴ፣ ሽንኩርት፣ ድንችና ጥቅል ጎመን ይበቅልበታል። ውኃ ከዋናው ቦይ ወደ ትንሹ፣ ከትንሹ ወደ ማሳው ትልም እንዴት እንደሚከፈል ማየት ለ12 ዓመት ልጅ ትልቅ ትምህርት ነው። ከቦዩ ዳር ግን እጁን ያዙት፤ ምክንያቱ በሚቀጥለው መልስ አለ።

ጥያቄ፦ ገጠር ስንሄድ ዘመዶቻችን ለልጆቹ ትኩስ ወተት አልበው ያቀርባሉ። እምቢ ማለት ነውር ነው፤ መቀበልም እፈራለሁ። ሌላስ ምን ልጠንቀቅ?
*አባት፣ ደብረ ማርቆስ*

መልስ፦ ፍርሃትዎ ትክክል ነው። ጥሬ ወተት የከብት ቲቢንና ብሩሴላን ያስተላልፋል። ላሟ ጤነኛ መስላ መታየቷ ዋስትና አይሆንም፤ ሁለቱም በሽታዎች በላሟ ላይ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቁ ይቆያሉ። ከጥሬ ወተት የተረጋ እርጎም ያው ነው፤ መኮምጠጡ ተሕዋስያኑን አይገድላቸውም። ነውሩን የሚያስቀረው ቀድሞ መናገር ነው። ታልቦ ከቀረበ በኋላ «አንጠጣም» ቢሉ አስተናጋጇ ይከፋቸዋል። ሲደርሱ «እትዬ፣ ልጆቹ የፈላ ወተት ነው የለመዱት፤ ስታልቡ አፍሉልን» ቢሏቸው ግን ደስ ብሏቸው ያደርጉታል። ወተቱ ገንፍሎ እስኪነሳ ድረስ ይፍላ፤ እየተማሰለ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

ወደ እንስሳቱ ስንመጣ፣ ልጅ በሬን ይፈራል፤ በቅሎን ግን ይዳፈራል። አደጋው የተገላቢጦሽ ነው። በቅሎና ፈረስ ከኋላ የመጣባቸውን ስለማያዩ ይራገጣሉ። ሁልጊዜ ከጎን በኩል፣ ድምፅ እያሰሙ፣ ባለቤቱ ልጓሙን ይዞ እያለ ብቻ ይቅረቡ። የወለደች ላም ጥጃዋን የሚነካባትን ትወጋለች። ውሻውን ባለቤቱ አስሮ እስኪያስተዋውቃቸው ድረስ አይንኩት። ውሻ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያም በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። «ውሻው ጤነኛ ነው» በሚል መዘግየት አያስፈልግም። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም፤ ክትባቱ የሚያድነው ቀድሞ ከተሰጠ ብቻ ነው።

ቀፎ ካለ ከቀፎው አፍ ፊት አይቁሙ። ንቦቹ የሚመላለሱበት መንገድ ነው። ከጎን፣ ቢያንስ 10 ሜትር ርቃችሁ ተመልከቱ። ጥቁር ልብስና ሽቶ ይቅር። ንብ ከመጣ እጅ ማወራጨት ሌሎቹን ይጠራል፤ ፊትን ሸፍኖ መራቅ ነው። መናደፊያዋ ከቀረ በጥፍርም ሆነ በምንም ቶሎ ይነቀል፤ ከአነቃቀሉ ይልቅ ፍጥነቱ ይበልጣል። የልጁ ከንፈር ወይም ዓይን ካበጠ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ቤት ውስጥ ማስታመም አይገባም፤ ወደ ሐኪም መሮጥ ነው።

የመስኖ ቦይ ዳሩ ቁልቁል ስለሆነና ስለሚያንሸራትት አዋቂም ቢወድቅበት በቀላሉ አይወጣም። የቆመና ቀስ ብሎ የሚሄድ ውኃ ደግሞ ቢልሃርዝያ ሊኖርበት ይችላል፤ ዋናም መንቦራጨቅም አይፈቀድ። ጫማ አይውለቅ። በጎጃም ደጋ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር መሄድ እግርን እንደሚያሳብጥ የታወቀ ነው። የአንድ ቀን ጉብኝት ያን አያመጣም፤ እሾህና ምስማር ግን በአንድ ቀን ይገኛል። ቆላ ከወረዳችሁና የምታድሩ ከሆነ፣ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ አጎበር ያዙ።

መድኃኒት የተረጨ ማሳ ውስጥ አይግቡ። መቼ እንደተረጨ ገበሬውን ይጠይቁ፤ ባዶ የመድኃኒት ዕቃ መሬት ላይ ካዩ ልጆቹ እንዳያነሱት። ከብት ከነኩ በኋላና ከምግብ በፊት እጅ በሳሙና ለ20 ሰከንድ ያህል ይታጠብ። ከዚህ ሁሉ ማሳሰቢያ አንድ ብቻ ማስታወስ የሚችሉ ከሆነ ይህን ያስታውሱ።

ጥያቄ፦ ምን ይዘን እንሂድ?
*ከቡሬ*

መልስ፦ ቡና፣ ስኳር፣ ሳሙና። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ ወይም ጾም ከገባ ለእናንተ ብለው ዶሮ እንዳያርዱ ቀድማችሁ «ጾመኞች ነን፤ ሽሮ ይበቃናል» በሉ። ብዛታችሁን በትክክል ተናገሩ፤ 6 እንሆናለን ብሎ 11 ሆኖ መምጣት የሰው ቤት ማስጨነቅ ነው።

ጥያቄ፦ ዳንግላ አጠገብ አንድ ሄክታር ከሩብ መሬት አለኝ። ድንች፣ በቆሎ፣ ጥቂት ከብትና 20 ዶሮ አለ። ከከተማ የሚመጡ ቤተሰቦች እርሻዬን አሳየን እያሉኝ ነው። ክፍያ መጠየቅ ነውር ይሆን? ምንስ ላዘጋጅ?
*ገበሬ፣ ዳንግላ*

መልስ፦ ነውር አይደለም። የሥራ ቀንዎን ነው የሚሰጡት። ነውር የሚያመጣው «የፈለጋችሁትን ስጡ» ማለት ነው፤ እንግዳው ምን እንደሚበቃ ሳያውቅ ያፍራል፤ እርስዎም ባነሰ ጊዜ ቅር ይሰኛሉ። ሲሰሉ እንዲህ ያድርጉ፦ እርስዎና አንድ ረዳት የምትውሉበትን የአካባቢውን የቀን ሠራተኛ ዋጋ፣ የእህሉን፣ የቡናውን፣ የማገዶውን፣ የሳሙናውን ወጪ ይደምሩ፤ ትርፍዎን ጨምረው በአንድ ቤተሰብ ሒሳብ ይቁረጡ። በነፍስ ወከፍ ከቆረጡ ሰዎች ልጆቻቸውን ትተው ይመጣሉ። ዋጋውን በስልክ፣ ከመምጣታቸው በፊት ይንገሩ። በአንድ ቀን ከሁለት ቤተሰብ በላይ አይቀበሉ፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ልጆቹን የሚከታተል ይጠፋል።

መጀመሪያ የሚዘጋጀው መጸዳጃ ቤቱ ነው። በር፣ ክዳንና ደጃፉ ላይ የእጅ መታጠቢያ ይኑረው። 5 ሊትር ጀሪካን አንገቱ ሥር በምስማር በስተው በእንጨት ላይ ያንጠልጥሉ፤ ከአፉ ላይ ገመድ አስረው መሬት ላይ ካለ በእግር ከሚረገጥ እንጨት ጋር ያያይዙ። ሲረግጡት ጀሪካኑ ያዘነብላል፤ ቧንቧ አያስፈልግም። ሳሙናውን በገመድ ያንጠልጥሉት።

ልጆች እያዩ ብቻ ከዋሉ ይሰለቻሉ፤ የሚተክሉት ነገር ይስጧቸው። ለዚህ ድንች የተሻለ ነው። ዘሩ የዶሮ እንቁላል የሚያህል፣ ቡቃያው ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ ይሁን። ከዚያ የረዘመ ቡቃያ በልጅ እጅ ይሰበራል። ትልሙን እርስዎ በ75 ሳንቲ ሜትር ርቀት ያውጡ። ለእያንዳንዱ ልጅ 30 ሳንቲ ሜትር የተቆረጠ እንጨት ይስጡት፤ በእንጨቱ እየለካ አንድ አንድ ያስቀምጣል፤ ሌላው ልጅ ከኋላ በ10 ሳንቲ ሜትር አፈር ያለብሳል። በ10 ሜትር ትልም ወደ 33 ድንች ይገባል፤ ቆጥረው ያምጡ። ልጆች ብዙ ጊዜ የሚያጠፉት አፈሩን ማሳነስ ነው። ድንቹ ፀሐይ ካየው አረንጓዴ ይሆናል፤ ይመርራል፤ መርዛማም ነው፤ ለሰው አይበላም። ማታ እርስዎ ዞረው ያስተካክሉ፤ በኋላም ሲኮተኩቱ አፈር ያስታቅፉት።

ሁለት ጥንቃቄዎች ስለ እርስዎ ሀብት ነው። የድንች አጠውልግ በሽታ በጫማ ላይ በሚጣበቅ አፈር ከማሳ ወደ ማሳ ይሄዳል፤ አንዴ ከገባ ደግሞ አፈሩ ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። እንግዶች ሲመጡ ጫማቸው ላይ ያለው ጭቃ በብሩሽና በውኃ ይታጠብ፤ ይህን ስትጠይቁ አትፈሩ። ሁለተኛው ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ነው። እቤቱ ዶሮ ያለው እንግዳ ወደ ዶሮ ቤትዎ አይግባ፤ ዶሮዎቹን በሽቦው በኩል ያሳዩት። 20ዎቹ ዶሮዎች ክትባት ካልወሰዱ ደግሞ እንግዳ ከመቀበልዎ በፊት ከቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጋር ይነጋገሩ።

ማጭድ፣ ማረሻና የመድኃኒት መርጫው ከልጅ እጅ በማይደርስበት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ክፍት ጉድጓድ ካለ ይከደን።

ጥያቄ፦ ፍኖተ ሰላም አካባቢ እርሻ ልንጎበኝ ሄደን የመንደሩ ሰዎች «የውኃ ፓምፓችን ተበላሽቶ ሴቶቻችን ወንዝ ይወርዳሉ፤ እርዱን» አሉን። 15 ቤተሰብ ነበርን፤ ለማዋጣት ሁላችንም ፈቃደኛ ነን። እጀታውን ስንሞክረው ብዙ ከተመታ በኋላ ቀጭን ውኃ ይሰጣል። ገንዘቡን ለማን እንስጥ? አዲስ ፓምፕ እንግዛላቸው?
*አዲስ አበባ*

መልስ፦ አዲስ ፓምፕ አትግዙ፤ ቢያንስ አሁን። በገጠሩ በብዛት የተተከለው አፍሪዴቭ የሚባለው የእጅ ፓምፕ ነው። እስከ 45 ሜትር ጥልቀት ድረስ ይሠራል፤ የተሠራውም መንደርተኛው ራሱ እንዲጠግነው ታስቦ ነው። አንድ መፍቻና አንድ መንጠቆ ይበቃዋል፤ ዘንጎቹ በእጅ ይወጣሉ፤ የታችኛው ቫልቭም ቧንቧውን ሳይነቅሉ በመንጠቆው ይወጣል። ቶሎ የሚያልቁት የፒስተኑ ጎማና የእጀታው ቡሽ ቤሪንጎች ናቸው፤ በዓመት አንዴ መቀየር አለባቸው፤ ከፓምፑ ዕቃዎች ሁሉ ርካሾቹም እነሱ ናቸው። አንድ ጎማ ስላለቀ ሙሉ ፓምፕ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ብልሽቱን በግማሽ ሰዓት መለየት ይቻላል። ውኃ እስኪወርድ ይመታ፤ ከዚያ 30 ደቂቃ ማንም ሳይነካው ይቆይ፤ ከዚያ ውኃ እስኪመጣ ምቱ ይቆጠር። ከ5 ወይም 6 ምት በላይ ከወሰደ ውኃው ወደ ታች እየተመለሰ ነው፤ የታችኛው ቫልቭ ወይም የቧንቧ መገጣጠሚያ ያፈስሳል። ቶሎ መጥቶ ግን ከቀጠነ የፒስተኑ ጎማ ነው። እጀታው ወደ ጎን ከተወዛወዘና ከጮኸ ቤሪንግ ነው። እጀታው ምንም ሳይከብድ ከተንቀሳቀሰና ጠብታ ከሌለ ዘንጉ ተለያይቷል። የናንተው ሁለቱንም ያሳያል፦ ዘግይቶ ይመጣል፤ ሲመጣም ቀጭን ነው። ስለዚህ ቫልቩም ጎማውም ይታያሉ። አንድ ነገር ግን የመንደሩን እናቶች ጠይቁ፦ በክረምትም እንዲህ ነው ወይስ በበጋ ብቻ? በበጋ ብቻ ከሆነ የሚጎድለው የጉድጓዱ ውኃ ነው፤ ጎማ ቢቀየር አያስተካክለውም። ይህን ጥያቄ ሳይጠይቁ ሁለት ጊዜ የተጠገኑ ፓምፖች አሉ።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ መንደሩ የውኃ ኮሚቴ ሊኖረው ይገባል። የወረዳው ውኃ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ፈትሾ የሚቀየሩትን ዕቃዎች ዝርዝር በጽሑፍ ይስጥ። እናንተ በዝርዝሩ ዕቃውን ግዙ ወይም ገንዘቡን ቢያንስ ሁለት ፈራሚ ወዳለው የኮሚቴው የባንክ ሒሳብ አስገቡ፤ ከፈራሚዎቹ አንዷ ሴት ብትሆን መልካም ነው፤ ፓምፑ ሲቆም ወንዝ የምትወርደው እሷ ናት። ለሊቀመንበሩ በእጅ መስጠት ሰውየው ሐቀኛም ቢሆን ሐሜት ያመጣበታል። ኮሚቴው ከፈረሰ በቀበሌ ስብሰባ እንደገና ይመረጥ፤ እስከዚያ ገንዘቡ እናንተ ጋር ይቆይ። በአማራ ክልል በፊንላንድ ድጋፍ የተሠሩ የገጠር ውኃ ሥራዎች ገንዘቡን በአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም፣ በዛሬው ጸደይ ባንክ፣ በኩል በቀጥታ ለመንደሩ ኮሚቴ ያስተላልፉ ነበር። ኮሚቴው ራሱ ይገዛል፤ ራሱ ያሠራል። አሠራሩ ለትንሽ መዋጮም ይሠራል።

ሙሉውን ወጪ አትሸፍኑ። ይህን የምንለው ከስስት አይደለም። ዕቃው ከእናንተ ይሁን፤ ጉልበቱ፣ አጥሩ፣ የውኃ መውረጃ ቦዩ፣ ድንጋይና አሸዋው በደቦ ከመንደሩ ይምጣ። ከጥገናው በፊትም የሦስት ወር መዋጮ ሒሳቡ ውስጥ ይግባ። ለምሳሌ 60 አባወራ በወር 10 ብር ቢያዋጣ በዓመት 7,200 ብር ይሆናል። አቅም የሌላቸውን አረጋውያን መንደሩ ራሱ ያውቃቸዋል፤ ነፃ ያደርጋቸዋል። በዓመቱ ጎማው ሲያልቅ ወደ እናንተ መደወል ሳያስፈልጋቸው ይገዛሉ። ወርኃዊ መዋጮ የሌለው ፓምፕ በሚቀጥለው ጎማ ይቆማል።

ጉድጓዱ ከተከፈተ በኋላ ባለሙያው በክሎሪን ያክመው፤ ሽታው እስኪጠፋ ውኃው ለመጠጥ አይቀዳ። የፈሰሰው ውኃ ፓምፑ ሥር ከታቆረ ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ ይሰርጋል፤ ስለዚህ ቦዩ ራቅ አድርጎ ወደ ከብት ማጠጫ ይውሰደው። ከብት ወደ ፓምፑ እንዳይጠጋ አጥሩ በር ይኑረው።

ጥያቄ፦ ለገጠር ልጆች ከረሜላና ብር ማደል ይቻላል?
*ከባሕር ዳር*

መልስ፦ አይመከርም። መኪና ባዩ ቁጥር መሮጥ ይለምዳሉ፤ አስፋልት ዳር ከሆነ ደግሞ አደገኛ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ ከያዛችሁ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር አስረክቡ፤ ማን እንደሚያስፈልገው እሳቸው ያውቃሉ። ፎቶ ስታነሱ እናትን ወይም አባትን አስፈቅዱ።

ጥያቄ፦ ከቡሬ ወይም ከፍኖተ ሰላም በርበሬ ገዝተን ብንመለስ እንወዳለን። ጥሩውን እንዴት እንለየው?
*ከደብረ ማርቆስ*

መልስ፦ ዛላውን ግዙ፤ የተፈጨውን አይደለም። ሲያንቀሳቅሱት ፍሬው ውስጡ ይንኳኳ፤ ሲያጥፉት ይሰበር እንጂ አይተጣጠፍ። ከየጆንያው ሥር 10 ዛላ አውጥታችሁ ሰንጥቁ፤ ሻጩ የሚያሳየው ላዩን ነው። ውስጡ ግራጫ ወይም ጥቁር ሻጋታ ካለ፣ ሦስትም ዛላ ቢሆን፣ ጆንያውን ተዉት። በእርጥብ መሬት ላይ የደረቀ በርበሬ እንዲህ ይሆናል፤ ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ ደግሞ ሲቆላም ሲፈጭም አይጠፋም። ገበሬው በአልጋ ላይ ወይም በተነጠፈ ሸራ ላይ ያደረቀው ከሆነ ጥቂት ብር ቢጨምርባችሁም ከእሱ ግዙ። ቤት እንደደረሳችሁ አንድ ቀን ፀሐይ አስመቱትና በደረቅ ዕቃ አስቀምጡት።